አልበተንም ያለው ብርሃን

ውባንች ጥጋቡ እንቢ ማለትን ሰመራ ላይ አልተማረችውም፤ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ይዛው የመጣችው ነው። አባቷ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ነበር። የድሮው ባቡር መምጣቱን ሲያቆም የሥራ ጓደኞቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደየትውልድ ቀያቸው ገቡ። ጥጋቡ ግን ሐዲዱ እያለ ወዴት እሄዳለሁ ብሎ፣ ማንም የማይወርድበትን ጣቢያ እየጠረገ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። እናቷ ወይዘሮ መንበረ ደግሞ በጂቡቲ መንገድ ለሚመላለሱ ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍታ፣ ሴት ብቻዋን ሾፌርን እንዴት ትችለዋለች ያለውን ሁሉ ዝም አሰኝታለች፤ አንዳንዱን በወጧ፣ አንዳንዱን በምላሷ። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የተወለደች ልጅ እሺ ባይ ትሆናለች ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ውባንች ሰመራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። አንድ የደጋ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሰመራ ላይ የቅዳሜና እሑድ የማስተርስ ትምህርት ሲከፍት ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ ነበረች። ኮርሱን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ተምራ በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ጣጣው የመጣው የመመረቂያ ጥናቷ ላይ ነው።

ጥናቷ ስለ ብርሃን ነው። በአንዲት ስስ ብርጭቆ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የብርሃን መንገዶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል እንበል። በመካከለኛው መንገድ ደካማ ብርሃን ቢገባ እዚያው አይቀመጥም። መንገዶቹ በጣም ስለሚቀራረቡ ወደ ጎረቤቱ ይሾልካል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለጎረቤቱ ያሳልፈዋል፤ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ መሃሉ ጨልሞ ብርሃኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተበትኖ ይገኛል። ኃይለኛ ብርሃን ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኃይለኛ ብርሃን የሚያልፍበትን ብርጭቆ ራሱን ይለውጠዋል። የተለወጠው መንገድ ከጎረቤቶቹ ጋር መመሳሰሉ ስለሚቀር ወደ ጎን የሚሾልከው ብርሃን እያነሰ ይሄዳል፤ ብርሃኑም ራሱ ባበጀው መንገድ ተሰብስቦ ይጓዛል። የመስኩ ሰዎች ይህን ሶሊተን ይሉታል። ውባንች ደግሞ ለተማሪዎቿ ስታስረዳ አልበተንም ያለ ብርሃን ትለው ነበር፤ ስሙን የወደደችው ለምን እንደሆነ የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል።

ይህን ነገር ከማንም ቀድሞ የገባው ሰው ጣሃ ነው። ጣሃ የባቲ ልጅ ነው፤ ከጂቡቲ ወደ መሃል አገር ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር፣ የወይዘሮ መንበረም የድሮ ደንበኛ። ውባንች አንድ የእረፍት ጊዜ አዋሽ ወርዳ ለእናቷ ምን እንደምታጠና ስታስረዳ ከጎን ሆኖ ሲሰማ ቆየና፣ ይሄማ የእኛ አስፋልት ነው አላት። ከጂቡቲ በሚመጣው በኩል ያለው መስመር በፀሐይ ሲለሰልስ ጭነት የያዘ መኪና ይረግጠውና ጎማው የሚሄድበት ቦታ ይሰረጉዳል። ባዶ መኪና ወዲያ ወዲህ እያለ ያልፈዋል። የጫነ ግን ራሱ በሰረጎደው ገብቶ ይሄዳል፣ መሪ ብታዞሪበት እንኳን እሺ ብሎ አይወጣልሽም አላት። ውባንች ይህን ምሳሌ በጥናቷ መግቢያ ላይ ለማስገባት ፈልጋ ነበር፤ ይስቁብኛል ብላ ተወችው እንጂ።

ሰመራ ላይ ሌዘርም እንዲህ ያለ ብርጭቆም የለም። ስለዚህ ሥራዋ በሒሳብ ነው፤ የእያንዳንዱን መንገድ ብርሃን ከጎረቤቶቹና ከራሱ ኃይል ጋር የሚያያይዙ ቀመሮች ጽፋ በላፕቶፕ ታሰላለች። ላፕቶፑ ያረጀ ነው፤ የሰመራ ሙቀት ደግሞ ለሰውም ለዕቃም አያዝንም። ስሌቱ ሲበዛበት ያጓራል፣ ይግላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ከሱቅ በረዶ የሆነ ውኃ በጠርሙስ ገዝታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከሥሩ ታስገባለት ነበር። እንዲያም ሆኖ ብዙ መንገድ አይችልም። በመጨረሻ አሥራ አንድ መንገድ ብቻ አድርጋ ስታሰላ ሳይጠፋ ጨረሰላት። ውጤቱም የምትፈልገው ሆነ፤ ሥዕሉ የሚያሳየው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ቢሆንም፣ በሁለቱም ብርሃኑ መሃል ላይ ታየ። ለዚህ የሚያስፈልገውም ኃይል እምብዛም አልነበረም። ደስ ብሏት ሥዕሉን ጥናቷ ውስጥ አስገባችው።

የጥናት ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ታዴዎስ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ተማሪ ሲታመም ሄደው የሚጠይቁ፣ ፈተና ላይ የማይጨክኑ ሰው ናቸው። አንድ አመል ግን አላቸው፤ ከበላይ የመጣ ነገር ሁሉ ልክ ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ከበላይ የመጣው ነገር፣ እያንዳንዱ ጥናት ለአካባቢው ማኅበረሰብ ምን እንደሚጠቅም ርዕሱ ላይ ይገለጽ የሚል ነበር። የውባንች ጥናት ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጥያቄ ይኸው ሆነ። ይህ ለአፋር አርብቶ አደር ምን ያደርግለታል ተባለች። ምንም አለች። ሌሎቹ ሁለት መምህራን የሰሙት ነገር ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል እርስ በርስ ተያዩ።

ዶክተር ታዴዎስ ሊያግዟት ፈለጉ። በርዕሱ መጨረሻ ላይ፣ ለአርብቶ አደሩ ኑሮ መሻሻል ያለው አስተዋጽኦ የምትል ሐረግ ብትጨምር ነገሩ እዚያው እንደሚያልቅ፣ ሁሉም እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ማንም ገልጦ እንደማያነበው አስረዷት። እውነትም ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። ስለ ከዋክብት የጻፈው የክፍል ጓደኛዋ እንኳን ከዋክብቱን ለግመል እርባታ አውሏቸው ተመርቋል።

ውባንች ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ድምፅዋንም ከፍ ሳታደርግ ተናገረች።

"ዶክተር፣ ከጂቡቲ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር ብርጭቆ ነው። እዚህ መንገዱ ዳር ተቀብሮ ያልፋል። ብርሃኑ በደጃችን ሲያልፍ ለአርብቶ አደሩ ምን ይጠቅማል ብሎ ያስቆመው የለም። እኛ ቁጭ ብለን ስለሱ ስናስብ ነው የሚጠየቀው? ውሸት ጨምሪ ካላችሁኝ አልጨምርም።"

ውሸት የሚለው ቃል ክፍሉን አቀዘቀዘው፤ ሰመራ ላይ ሌላ የሚያቀዘቅዝ ነገር ባይኖርም። ጥናቷ ርዕሱ ተሻሽሎ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ እንደገና እንዲቀርብ፣ ያን ጊዜም ካልተሻሻለ ከፕሮግራሙ እንድትሰናበት ተወሰነ። የሁለት ዓመት ልፋቷ ባንዲት ሐረግ ላይ ተንጠለጠለ።

ወሬው ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚያጽናናትም የሚመክራትም በዛ። ምን አለበት፣ ጻፊውና ገላገዪው አሏት። ከጎኗ የቆመችላት ኑራ ብቻ ናት። ኑራ የዱብቲ ልጅ፣ የአፋር አርብቶ አደር ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ነገሩን ሰምታ ቆሽቷ አረረ። እኛ አፋሮች ስለ ውኃና ስለ ፍየል ብቻ እንድናስብ የፈረደብን ማነው አለች። አባቷ ፊደል ሳይቆጥር ስለ ከዋክብት አውርቶ እንደማይጠግብ፣ ከየትኛውም ኮከብ ግን አንድ ፍየል እንዳላገኘ ነገረቻት። ከዚያ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ "ወላሂ፣ በእኔ ስም ተይው የሚሉሽ ከሆነ፣ ኑራ በስሜ ቀጥዪበት ብላኛለች በያቸው" አለቻት። ውባንች ያን ዕለት ሳቀች፤ ከኮሚቴው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ክረምት ሆነና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ውባንች ላፕቶፗን በሻርፕ ጠቅልላ፣ በሚሌና በገዋኔ አድርጋ አዋሽ ወረደች። ወረደች ማለት አፍ ለምዶብን ነው፤ አዋሽ ከሰመራ ከፍ ያለ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ በኩል ነፋስ ይመጣል። እናቷ አልመከረቻትም። ወይዘሮ መንበረ የልጇ ጉዳይ ምን እንደሆነ በዝርዝር ባይገባትም አንድ ነገር ገብቷታል፤ ያልሆነውን ነው በዪ ተብላ እንቢ ብላለች። ይህ ለወይዘሮ መንበረ በቂ ነው። አባትሽ ቢኖር ደስ ይለው ነበር አለቻትና ወደ ጓዳዋ ገባች።

ውባንች ምግብ ቤቱን እያገዘች ሰነበተች። አንድ ቀን ጠዋት ግቢው በከባድ መኪና ተሞልቶ አገኘችው። ምግብ ቤቱም ውስጥ መቀመጫ የለም። ሾፌሮቹ ፊታቸውን አጨፍግገው ሻይ ይጠጣሉ። ውባንች ትናንት ማታ ግቢው ሙሉ እንደነበር ስላየች፣ ዛሬም እንደዚያው ስለሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ሌሊቱን እዚሁ ያደሩ መሰላት። ለእናቷ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ ደንበኛ እንዲህ ተሰብስቦ ማደሩ ጥሩ ገበያ ነው ብላ።

ወይዘሮ መንበረ ትሪ እንደያዘች ቆመችና እንደ ሞኝ አየቻት።

"እነዚህ እኮ ያደሩ አይደሉም" አለች። "ገና ሳይነጋ ወጥተው ነበር። ከገዋኔ ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት፣ ገዋኔም ማቆሚያ ሞልቶ፣ መለሷቸው። የተመለሱ ናቸው።"

ጣሃም ከነሱ መሃል ነበር፤ የእትዬ መንበረን ቁርስ ሁለት ጊዜ መብላት የሚጠላ ሰው የለም አልሐምዱሊላህ ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀለትም። ውባንች ግን ቀልዱንም አልሰማችውም። እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ግቢውን አየችው፤ ማታም ሙሉ፣ ጠዋትም ሙሉ። መሃል ላይ ባዶ ሆኖ እንደነበር፣ መኪኖቹ ወጥተው ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸው እንደተመለሱ፣ በሁለቱ ሰዓት ብቻ ያየ ሰው ከየት ያውቃል? ጥናቷ ውስጥ ያስገባችው ሥዕል ትዝ አላት።

አሥራ አንድ መንገድ። ከአሥራ አንዱ በኋላ ምንም የለም፤ ዝግ ነው። ብርሃኑ ተበትኖ ዳር ቢደርስ መሄጃ ስለሌለው ይመለሳል፣ ሲመለስም እንደገና መሃል ላይ ይገናኛል። በብርጭቆ ቢሠራ ኖሮ መንገዱ ብዙ ስለሚሆን ብርሃኑ ሄዶ ይቀር ነበር። እሷ ግን የሰመራ ሙቀት ላፕቶፗን እንዳያጠፋባት ብላ ዳሩን አቅርባው፣ ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ሳይበተን የቆየ ብላ ጽፋለች።

ላፕቶፑን አውጥታ ከበሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት አስቀመጠችው። ቀዝቀዝ ስላለው የበለጠ ቻለላት፤ መንገዶቹን በጣም አበዛቻቸው፣ ዳሩንም አራቀችው። ጥናቷ ላይ የጻፈችውን ያንኑ ኃይል አስገባች። ስሌቱ እያዘገመ ሄዶ ሄዶ ሲያልቅ ሥዕሉ ወጣ። መሃሉ ጨለማ ነበር። ብርሃኑ ተበትኗል።

ላፕቶፑን ክድን አደረገችው። አፈረች፤ ማፈር ብቻ ሳይሆን ተናደደች፣ በራሷ ላይ። ያን ሁሉ ሰው ውሸት አልጽፍም ብላ ፊት ነስታ፣ ሳታውቀው ውሸት ጽፋ ተገኘች። ስሕተቷን ኮሚቴው አላየውም። ያ ሥዕል እነሱ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ አንዳቸውም አልጠየቁበትም፣ ስለ አርብቶ አደሩ ብቻ ነበር ወሬው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ደግሞ ሊያሰናብቷት ለፈለጉት ሰዎች ምክንያት ሰጠቻቸው ማለት ነው። ሐረጓን አልጨምርም ያለችው ልጅ ሥራዋ ራሱ ስሕተት ነበር ብትባል ማን ይቆምላታል?

ይህን ሁሉ ለእናቷ ነገረቻት። ወይዘሮ መንበረ ሰሐን እያጠበች ሰማች። ብርሃኑንም ኃይሉንም አልጠየቀችም። ሾፌሮቹ ጎርፉ ጎድሎላቸው ሲሄዱ እውነተኛው ገበያ ይታወቃል፣ ያኔ ስንቱ እንደሚቀር እናያለን አለች። ከዚያም እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ "መጀመሪያውኑ የሚያድር ከሆነ መንገድ ቢከፈትለትም ያድራል" አለቻት።

ውባንች ላፕቶፑን እንደገና ከፈተችው። ዳሩን እንዳራቀችው ተወችና የብርሃኑን ኃይል ጨመረች። ተበተነ። ጨመረች፤ አሁንም ተበተነ፣ ግን መሃሉ ላይ ትንሽ ደመቅ ያለ ነገር ቀረ። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ሳለ እየተነሳች ስትሠራ ሰነበተች። አንድ ጠዋት፣ አሁን ጉዞውን በሙሉ እንዲያሳይ ያደረገችው ሥዕል ሲወጣ መሃል ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ነበረች፤ ከላይ እስከ ታች፣ ያልተሰበረች። ጥቂት ብርሃን ወደ ጎን አምልጦ ሄዷል፣ ሄዶም ቀርቷል፤ ከዳር የተመለሰ ነገር የለም። መንገዱ ሁሉ ክፍት ሆኖለት ያልሄደው ብርሃን ያ ነበር። ውባንች አለቀሰች፤ ያየቻት እናቷ ብቻ ናት፣ እሷም ያላየች መስላ አለፈች።

መስከረም ሲጠባ ሰመራ ተመለሰች። ኮሚቴው የተሰበሰበው እዚያው ክፍል ነው፤ ማራገቢያው ይንቋቋል፣ ሙቀቱ እንዳለ ነው። ዶክተር ታዴዎስ በቅን ልብ፣ ርዕሱን አስተካከልሽው ወይ ብለው ጀመሩ። ሁለቱ መምህራን ደግሞ ነገሩ በአጭሩ እንዲያልቅ ስለፈለጉ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ውባንች በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር አለች። ጥናቷን ገልጣ ያንን ሥዕል አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ እነሱ ዘንድ ገፋችው። ስሕተት መሆኑን ነገረቻቸው። መንገዶቹ ማነሳቸውን፣ ብርሃኑ ከዳር ተመልሶ መሆኑን፣ ያደረ ያለችው የተመለሰ መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳች። ከዚያ አዲሱን ሥዕል ከጎኑ አስቀመጠች።

ዶክተር ታዴዎስ ሁለቱን ሥዕሎች እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩ። ሲናገሩ የሰብሳቢነት ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

"ይህን እኮ ማናችንም አላየንብሽም ነበር" አሉ። "ለምን አወጣሽው?"

"እናንተ ስላላያችሁት ልክ አይሆንም፣ ዶክተር።"

"ርዕሱስ?"

"ርዕሱ እንዳለ ነው። ስሕተቴን አርሜአለሁ፤ ርዕሴ ግን ስሕተት የለበትም። ከፈለጋችሁ በተሳሳተው ሥዕል ጣሉኝ፣ እሱን እቀበላለሁ። በአርብቶ አደሩ ስም ግን አትጣሉኝ፤ ኑራ እሺ አትላችሁም።"

ኑራ ማን እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም የለም። አንደኛው መምህር ደንቡስ ምን ሊሆን ነው ብሎ ሊጀምር ሲል ዶክተር ታዴዎስ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት። እኚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበላይ የመጣውን እሺ ሲሉ የኖሩ ሰው ምን እንዳሰቡ ማንም አያውቅም። ደንቡን ለሚጠይቀኝ እኔ እመልሳለሁ አሉና፣ የስብሰባው አጀንዳ ላይ ርዕስ ማሻሻል የምትለዋን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዟት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በአዲሱ ሥዕል መሃል ያለችውን ቀጭን መስመር በጣታቸው ተከተሏት። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ብርሃን የተጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ የሳቸው ነበር።

"ዳሩን ካራቅሽው በኋላ" አሉ፣ "እንዳይበተን ምን ያህል ኃይል ፈለገ?"

ውባንች ወንበር ሳብ አድርጋ ከጎናቸው ተቀመጠች።

"መጀመሪያ ካልኩት በላይ" አለች። "በጣም በላይ። ግን አልተበተነም።"